አር15 በድሬ ሙቀትና በደንገጎ ኩርባ

ሰው ሁሉ ስለ አዲሷ ሞተር ሳይክሌ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ትሄዳለች?» ማደያ ተሰልፌ፣ ከዚራ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ መጋላ ዕቃ ልገዛ ገብቼ፣ ሁሌም ያው ነው። የባጃጅ ሹፌሩም የሰፈሩ ልጅም አንገቱን አስግጎ መጀመሪያ የሚያየው ዳሽቦርዷን ነው። ይሄን የምጽፈው ለሁሉም ባንዴ ለመመለስ ነው። ስንት እንደምትሄድ ተዉትና እንዴት እንደምትታጠፍ ጠይቁኝ። ስለሱ ከሆነ እስኪመሽ ላወራ እችላለሁ።

ያማሃ አር15 ናት። ሦስተኛው ትውልድ፣ 155 ሲሲ፣ ሰማያዊ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰው ጥቂት ነድቶ ያስቀመጣትን ገዝቼ በአይሱዙ አስጫንኳት። ለእኔ አዲስ ናት። ሊብሬው እስኪዞር ጠበቅሁ። ዘይቷን ቀየርኩ፣ የራዲያተሯን ፈሳሽ አውጥቼ አዲስ ሞላሁ፣ ካቴናዋን በነጭ ጋዝ አጥቤ ቅባት ቀባሁ። ከዚያ በኋላ ነው መንገድ ላይ ያወጣኋት። በመሃሉ ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን እናያት ነበር። እሷ የወደደችው ቀለሟን ነው። እኔ ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከቴላዮዋ ነው፤ ከመሪው ሥር ተነስቶ ሞተሩን ግራና ቀኝ አቅፎ እስከ ኋላ የሚወርደው ወፍራም ብረት በጣም ያምራል።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ የፍሪጅና የኤር ኮንዲሽነር ጥገና ነው። ድሬ ውስጥ ይሄ ሥራ ሙቀቱ ከገባ እረፍት የለውም። ከሳቢያን ለገሃሬ፣ ከለገሃሬ ገንደ ቆሬ፣ ዕቃዬን ከኋላ አስሬ የምዞረው በሌላው ሞተሬ፣ በቦክሰር 150 ነው። ዓመታት አብረን ስለሠራን አመሉን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ ከቦክሰር ላይ ወርዶ አር15 ላይ የወጣ ሰው የሚሰማውን ነው። ከትልልቅ ሞተሮች የመጣ ሰው ሌላ ነገር ሊላችሁ ይችላል።

በአቀማመጧ ልጀምር። ኮርቻዋ 815 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። ቁመቴ መካከለኛ ነው፤ ቆሜ ሁለቱንም እግሬን ስዘረጋ መሬት የሚነካው የጫማዬ ፊት ነው። ክብደቷ 140 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ግን አያስፈራም። መሪው ዝቅ ብሎ ወደ ፊት ነው ያለው፣ የእግር መርገጫው ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ላይ። ሰውነት ወደ ፊት ይደፋል። መጀመሪያ ከሳቢያን እስከ ምድር ባቡር ስነዳት የእጅ አንጓዬ ጮኸ። ዘዴው ሌላ ነው። ሰርባቶዮውን (የነዳጅ ታንኩን) በጉልበት ግጥም አድርጎ መያዝ፣ ክብደቱን በሆድና በወገብ መሸከም፣ ክርንን ማላላት። እጅ መሪውን መንካት ብቻ ነው ያለበት። ይሄን ከለመድኩ ወዲህ አንጓዬ ሰላም ነው። በዚያ ላይ ከከተማ ወጥቶ ፍጥነት ሲጨመር ነፋሱ ደረትን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ያኔ ያ የተደፋ አቀማመጥ ለምን እንደተሠራ ሰውነት ራሱ ይረዳል።

ሞተሯ ላይ መጀመሪያ የገረመኝ ከታች፣ በዝቅተኛ ዙር ምን ያህል ገር እንደሆነች ነው። ቦክሰሩ ከቆመበት ሲነሳ ወዲያው ይጎትታል። ለጭነት የተሠራ ነውና ጉልበቱ ታች ነው። አር15 ጉልበቷን የምታስቀምጠው ላይ ነው። ወደ 19 የሚጠጋው የፈረስ ጉልበቷ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በደቂቃ 10,000 ዙር ላይ ነው። ቦክሰሩ 12 ገደማ አለው፣ እሱም 7,500 ዙር ላይ። በሲሲ ብዙ አይራራቁም። ልዩነቱ እሷ መዞር መውደዷ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ዙሩን የሚያሳየው መስመር ወደ ቀኝ እየሞላ ሄዶ 7,400 ላይ ሲደርስ «ቪቪኤ» የሚል ትንሽ ምልክት ይበራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ካምሻፍቷ ላይ ለመግቢያ ቫልቮቹ ሁለት ዓይነት ካም (ቫልቭ ገፍቶ የሚከፍት ጉብታ) አለ፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከፍ ያለ። ከታች ስትነዱ የሚሠራው ዝቅ ያለው ነው። 7,400 ላይ አንዲት ፒን ተገፍታ ትገባና ሥራውን ከፍ ያለው ካም ይረከባል። ቫልቮቹ ጠለቅ ብለው ይከፈታሉ፣ አየር በብዛት ይገባል። እጅ ላይ የሚሰማው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጠራ ጩኸት ይቀየራል፣ ወገብ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ቀጣዩ ማርሽ ቶሎ ይደርሳል። ማርሿ ስድስት ነው። ፍሪሲዮኗ በሁለት ጣት የሚያዝ ለስላሳ ነው። መጋላ ውስጥ እየቆሙ እየተነሱ ለሚነዳ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሙቀቱን ላንሳ፣ ምክንያቱም ድሬ ነን። ብዙ ሰው «ይቺ እዚህ አትሆንም፣ ትፈላለች» ብሎኝ ነበር። እኔ በሙያዬ ከሙቀት ጋር ነው የምኖረውና ይሄን ነገር ተረጋግቼ ነው ያየሁት። ግንቦት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ አስፋልቱ ደግሞ ከዚያ በላይ ይግላል። ቦክሰሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ክንፎች ሙቀቱን ለአየር ይሰጣሉ፤ ሰልፍ ውስጥ ሲቆም ግን ነፋስ የለም። አር15 ፈሳሽ ይዞርባታል፣ ራዲያተርና ፋን አላት። የራዲያተሩ ክዳን ስፕሪንግ አለው። ፈሳሹን በግፊት ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ ቢያልፍም አይፈላም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ባጃጆች መሃል ስቆም ፋኑ ራሱ ይነሳል፣ ትንሽ ነፍቶ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። እስካሁን የሙቀት መብራቱን አላየሁትም።

ዋጋው ያለው እግር ላይ ነው። ፋኑ የሚያወጣው ትኩስ አየር ቅልጥምን ይጠብሳል። ቁምጣ ለብሶ የሚነዳት ሰው ካለ ከልቤ እመክረዋለሁ፣ ይተው። ወፈር ያለ ሱሪ ቢሞቅም ከትኩሱ አየር ይሻላል። ሌላው አቧራ ነው። በሥራዬ የማያቸው ኤር ኮንዲሽነሮች ብዙዎቹ የሚደክሙት ኮንደንሰራቸው (ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያወጣው ክፍል) በአቧራ ተደፍኖ ነው። ራዲያተርም ዕጣው ያው ነው። የፊት ጎማዋ የሚያነሳው የድሬ አሸዋ ቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በለስላሳ ውሃ፣ ግፊት በሌለው የውሃ ጎማ፣ ከኋላ ወደ ፊት አጥባታለሁ። በኃይለኛ ግፊት ካጠባችሁት እነዚያ ቀጫጭን ክንፎች ይታጠፉና አየር አያሳልፉም። መኪና አጣቢዎቹ ጋ ስትወስዷት ይሄን ነግራችሁ ቁሙ።

ከተማ ውስጥ የምትጣፍጠው ከዚራ ላይ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ሲደርስ የተቀየሰ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ጥላ ይሰጣል። ጠዋት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ቀስ እያሉ መሄድ ደስ ይላል። ኮብልስቶን ላይ ግን አትወድም። ሾክ አብሶርበሯ ጠንከር ያለ ነው፣ እያንዳንዱን ድንጋይ ትቆጥራለች። የሰፈሬ መንገድ ኮብልስቶን ነውና ከቤት እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኮርቻው ትንሽ ተነስቼ ነው የምሄደው።

ይሄ ሁሉ ግን መግቢያ ነው። ሞተሯን የገዛሁት ከድሬ ወደ ሐረር ለሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ነው።

እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነዳጅ ሞልቼ ወጣሁ። ሰርባቶዮዋ 11 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ሐረር ደርሶ ለመመለስ ተርፎ ይቀራል። የጎማ ነፋሴን ከቤት ሳልወጣ በቀዝቃዛው ለካሁ። ሄልሜት፣ የቆዳ ጓንት፣ ወፍራም ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ። ድሬ ታች በጃኬት ያልባል። ዳገቱን ስትጀምሩ ግን አመስግናችሁ ትዘጉታላችሁ።

መንገዱ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ያውም በአጭር ርቀት። ኩርባው ተከታታይ ነው። አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይታያል። በቦክሰር ስወጣው ኖሬያለሁ፣ ግን ሥራ ስለነበር እንደ መንገድ አይቼው አላውቅም። ዕቃ ጭኜ፣ ከአይሱዙ ኋላ ጭስ እየጠጣሁ፣ ቶሎ ባለቀ እያልኩ ነበር የምወጣው።

አር15 እዚህ ጋ ሌላ ፍጥረት ሆነች። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሞተር የምትነዱ ሁሉ ሳታውቁት ታደርጉታላችሁ። ፍጥነት ካለ ሞተር የሚታጠፈው መሪውን ወደምትሄዱበት በመጠምዘዝ አይደለም። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ በስሱ ወደ ፊት ትገፉታላችሁ። ሞተሩ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ አጋድሎም ይዞራል። ቦክሰር ላይ መሪው ሰፊና ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ጎማውም ቀጭን ስለሆነ፣ ይሄ ነገር ብዙም አይሰማም። አር15 ላይ በግልጽ ይሰማል። በመዳፌ ትንሽ ገፋ ሳደርጋት ወዲያው ታጋድላለች፣ በሰጠኋት ልክ ትቆያለች፣ መግፋቱን ስቀንስ ትነሳለች። የፊት ጎማዋ ምን እየረገጠ እንደሆነ በመሪው በኩል ይነግረኛል። ጥርት ያለ አስፋልት፣ የተጠጋገነ ቦታ፣ ስስ አሸዋ፣ ሁሉም የየራሱ ስሜት አለው። እኔ ይሄን የመሰለ ነገር ከማሽን አግኝቼ አላውቅም።

አካሄዴ ይሄ ነው። ከኩርባው በፊት፣ ገና ቀጥ እንዳልኩ ፍሬን ይዤ እጨርሳለሁ። ማርሽ እቀንሳለሁ። ዓይኔን ከጎማዬ ፊት አንስቼ ኩርባው የሚያልቅበት ላይ አደርጋለሁ። ዓይን የሄደበት ነው ሞተሩ የሚሄደው። ከዚያ እገፋታለሁ፣ ቤንዚኑን በስሱና ሳላቋርጥ እሰጣታለሁ። ዳገት ስለሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ 8,000 ዙር ድረስ ትዘልቃለች፣ ያቺ የቪቪኤ ምልክት እንደበራች። ከኩርባው ስወጣ ድምፁ ከገደሉ ግድግዳ ተመልሶ ይመጣል። የፍጥነት መለኪያው ያኔ የሚያሳየው 60 ምናምን ነው። አዎ፣ 60 ምናምን። ደስታው ግን ሙሉ ነው።

የትንሽ ሞተር ትልቁ ነገሩ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር በአንደኛ ማርሽ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ደንገጎ ላይ ያንን ሞተር የያዘ ሰው ጉልበቱን አፍኖ ይዞ ነው የሚወጣው። እኔ ያለኝን ጉልበት በሙሉ እጠቀምበታለሁ፣ ማርሽ እመርጣለሁ፣ ዙር እጠብቃለሁ፣ ሥራ አለኝ። ማርሹን ከተሳሳትኩ ደግሞ ትነግረኛለች። አራተኛ ላይ ዙሩ ከ5,000 ከወረደ ዳገቱ ያሸንፋታል፤ መቀነስ ብቻ ነው መፍትሔው።

ከፍታውም ይሰማል፣ ግን ከጠበቅሁት ያነሰ ነው። ላይ አየሩ ይሳሳል። ካርቡሬተር ይሄን ስለማያውቅ የሚሰጠው ቤንዚን ለቀጭኑ አየር ይበዛል፣ ሞተር ይታፈናል። አር15 ኢንጀክሽን ናት። ሴንሰሯ የአየሩን ግፊት አንብቦ ቤንዚኑን ይመጥናል። ጉልበቷ በመጠኑ ቀነሰ እንጂ አልተንተፋተፈችም።

ስለ መንገዱ አደጋ ሳልናገር አላልፍም። የነዳጅ ታንካቸውን እስከ አፉ የሞሉ የጭነት መኪኖች ዳገት ኩርባ ላይ ናፍጣ ያንጠባጥባሉ። አንድ ኩርባ ላይ አይቼዋለሁ። ፀሐይዋ ገና በአግድም ስትመታው በምሄድበት መስመር መሃል፣ በግራና በቀኝ የመኪና ጎማ ዱካዎች መካከል፣ ቫዮሌትና አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ነበር። አጋድሎ እሱ ላይ የወጣ ሞተር አይመለስም። ስለዚህ የማልፈው የመኪና ጎማ በሚሄድበት ዱካ ላይ ነው፣ መሃሉን እተወዋለሁ፤ ሽታውም ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ሌላው ከአወዳይ ጫት ጭነው የሚወርዱት መኪኖች ናቸው። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ አለበት፣ ሹፌሮቹ በሰዓት ነው የሚሠሩት፣ ኩርባውን ቆርጠው የእናንተ መስመር ላይ ይመጣሉ። የማይታይ ግራ ኩርባ ላይ ወደ መሃሉ መስመር አልጠጋም። ስጋደል ጭንቅላቴ መስመሩን እንደሚያልፍ አስቤ ነው ቦታ የምተወው።

ዳገቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው። ሐረማያ፣ የጫት ማሳ፣ ድንችና ሽንኩርት የደረደሩ እናቶች፣ አወዳይ ግርግር፣ ሐረር። አምስተኛና ስድስተኛ ማርሽ ላይ 80 ይዛ ያለ ጭንቀት ትሄዳለች። ለእኔ ይሄኛው ክፍል ማረፊያ ነበር። ሐረር ሞተሬን ከጀጎል ውጪ አቆምኩና አክስቴ ጋ ገባሁ። ፈቲራ በማር፣ ከዚያ ሆጃ። ከመውጣቴ በፊት ጃኬቴን እያስተካከለች «ስትወርድ ቀስ በል ልጄ፣ ጫት ጫኞቹ ሰው አያዩም» አለችኝ። ተሳፋሪ ሆና ስንቴ እንደወረደችው ታውቃለች።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የበለጠ አስተምሮኛል። የከባድ መኪና ኋላ ስደርስ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሄልሜቴ ውስጥ ገባ። ያ ሽታ የሚመጣው ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሚወርድ መኪና ነው። እኔ ማርሽ ቀንሼ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘኝ አድርጌ ነው የወረድኩት። የአር15 ፍሪሲዮን እዚህ ጋ ብልሃት አለው። በከፍተኛ ዙር ማርሽ ሲቀነስ፣ ሞተሩ የኋላ ጎማን በኃይል ሊይዝ ሲል ፍሪሲዮኑ በመጠኑ ይንሸራተትና ድንጋጤውን ይበላዋል። ቦክሰሩ ላይ እንዲህ ሳደርግ የኋላ ጎማው ይዘላል። እሷ ግን ዝም ብላ ትረጋለች። የፊት ፍሬኗም በአንድ ጣት እስኪመጠን ድረስ ስሜቱ ጥርት ያለ ነው። ድሬ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፣ ፋኑም ወዲያው ተነሳ።

ባለቤቴን ከኋላ ይዤ ከዚራን ዞረን ነበር። የኋላ ወንበሯ ትንሽና ከፍ ያለ ነው፣ የሚያዝበት ነገር የለውም። «አቦ፣ ለቅርብ መንገድ ይሁን፣ ሐረር ግን በዚህ አልሄድም» አለችኝ። ልክ ናት። ሁለት ሰው ሆኖ ደንገጎን ለመውጣት የተሠራች አይደለችም፤ እኔም አልለምናትም።

ለመቀየር ያሰብኩት ሁለት ነገር ነው። ጎማዎቿ ገና ጥርስ አላቸው፣ ግን ቆይተው ደርቀዋል። ጎማ በዕድሜም ያረጃል፣ ጎኑ ላይ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በአራት ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። የእኔዎቹን አንብቤ ሌላ አዝዣለሁ። ሁለተኛው ለራዲያተሯ ከፊት የሚታሰር ወንፊት ነው፤ ጠጠር እንዳይመታው። መጋላ ያለ በያጅ ልክ ወስዶልኛል።

ቦክሰሩን ትሸጠዋለህ ወይ ያላችሁኝም አላችሁ። አልሸጠውም። የጋዝ ሲሊንደርና መሰላል አር15 ላይ አይታሰርም። ነገ ጠዋት ሳቢያን የማይነሳ ኮምፕረሰር አለብኝ፣ እዚያ የምሄደው በእሱ ነው። ደንገጎን ለመውጣት የምትፈልጉ ካላችሁ ግን እሑድ 12 ሰዓት ከምድር ባቡሩ ፊት ለፊት እንገናኝ። ሄልሜትና ጓንት ያላደረገ ሰው አብሮኝ አይወጣም።